ካርዳችን ወደ ኮምፒውተር ሲገባ

በዛሬው የጤና ትምህርታዊ ዝግጅታችን የምናነሳው ሐኪም ዘንድ ከመግባታችን በፊት የምንጠየቀውን ነገር ነው፤ ካርዳችንን። ካርዱ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር ለታካሚው፣ ለነርሷ፣ በየቀበሌው ለምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ምን ያመጣላቸዋል? ምን ሲሟላ ይጠቅማል? ምን ሲጎድልስ ተጨማሪ ሸክም ይሆናል? አብረን እንቆይ።

ከካርድ ክፍል እንነሳ። በብዙ የመንግሥት ሆስፒታሎች ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ሰልፍ አለ። ገሚሱ አዲስ ካርድ ፈላጊ ነው፣ ገሚሱ በቀጠሮ የመጣ። ባለቀጠሮው ቁጥር ያለባትን ትንሽ የመታወቂያ ካርድ በመስኮቱ ያቀብላል፤ ሠራተኛው ቁጥሩን አይቶ መደርደሪያዎቹ መሀል ይገባል። ሥርዓቱ በወጉ ሲሠራ፣ አንድ የታካሚ ማኅደር ከመደርደሪያው ሲወጣ በቦታው መከታተያ ካርድ ይገባል። ማኅደሩ በየትኛው ቀን ወደ የትኛው ክፍል እንደሄደ የሚናገረው ያ ካርድ ነው። መከታተያው ሳይገባ ከቀረ፣ ወይም ማኅደሩ በሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ካደረ፣ ሠራተኛው ባዶ እጁን ይመለሳል። «ካርድዎ አልተገኘም፣ አዲስ እናውጣልዎት» ይባላል።

አዲሱ ካርድ ባዶ ነው። አምና የተመዘገበው የፔኒሲሊን አለርጂ እዚያ ላይ የለም። ከሦስት ወር በፊት የተለካው የደም ግፊት የለም። የላቦራቶሪ ውጤቱ፣ የራጁ ንባብ፣ ቀድሞ የነበረው ሐኪም ጠርጥሮ የጻፈው ነገር የለም። ታካሚው እንደገና ከሀ ይጠየቃል፣ እንደገና ደም ይሰጣል፣ እንደገና ይከፍላል። የኤሌክትሮኒክ መዝገብ የመጀመሪያ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። አንድ ማኅደር በአንድ ጊዜ ላቦራቶሪም፣ ፋርማሲም፣ ሐኪሙም ዘንድ ሊገኝ ይችላል፤ ማንም ስላየው ከቦታው አይጠፋም።

ይህ ግን ግማሹ ነው። መዝገብ ያለፈውን ከማስቀመጥ ባለፈ ሌላ ሥራ አለው፤ ቀጥሎ መደረግ ያለበትን ማስታወስ። ይህን በደንብ የሚያሳየን ኮምፒውተር የሌለበት አንድ የአገራችን አሠራር ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ባለሙያዎችን ማሰማራት ታስቦ ነበር። ቁጥራቸው ከ38,000 በላይ ደረሰ። ለእነሱ ሥራ ተብሎ የቤተሰብ ማኅደር የሚባል አሠራር ተዘረጋ። እያንዳንዱ ቤተሰብ በጤና ኬላው አንድ ማኅደር አለው፤ በላዩ ላይ የቤተሰቡ አባላት፣ መጸዳጃ ቤት መኖር አለመኖሩ፣ የመጠጥ ውኃው፣ የአልጋ አጎበሩ ይመዘገባል። በውስጡ የእናቲቱ የእርግዝና ክትትል ካርድ፣ የሕፃኑ የክትባት ካርድ፣ የቤተሰብ ዕቅድ ካርድ ይቀመጣል።

ከማኅደሩ ጎን አንድ ሳጥን አለ። ባለሙያዎቹ ቲክለር ይሉታል። ውስጡ በወራት የተከፋፈለ ነው፤ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር እያለ ይሄዳል። አንዲት ነፍሰ ጡር በጥቅምት መጥታ ቀጣይ ቀጠሮዋ ኅዳር ከሆነ፣ ካርዷ ኅዳር ክፍል ውስጥ ይገባል። የ45 ቀን ክትባቱን የወሰደ ሕፃን ካርዱ ቀጣዩ ክትባት በሚውልበት ወር ይቀመጣል። ወሩ ሲመጣ ባለሙያዋ ክፍሉን ትከፍትና ማን ማን እንደሚጠበቅ ታያለች። የመጣው ሲስተናገድ ካርዱ ወደ ቀጣዩ ቀጠሮ ወር ይዛወራል። ወሩ ሲያልቅ በክፍሉ ውስጥ ቀርተው የሚታዩት ካርዶች ያልመጡት ሰዎች ናቸው። ባለሙያዋ እነዚያን ካርዶች ይዛ ቤት ለቤት ትሄዳለች።

ይህ ሳጥን መብራት አይፈልግም፣ ኔትወርክ አይፈልግም። ሥራው ግን ሙሉ የመረጃ ሥርዓት ነው። መረጃው ወደ ሰበሰበችው ባለሙያ ተመልሶ ይደርሳል፤ የቀረችውን እናት በስሟ ያሳያል። የጤና መረጃን ለማዘመን የሚመጣ ማንኛውም ሶፍትዌር መለካት ያለበት በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሳጥኑ የሚሠራውን ያህል የማይሠራ ታብሌት፣ ስክሪኑ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለጤና ኬላው ወደኋላ መመለስ ነው።

ጤና ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. በጀመረው የአምስት ዓመት የለውጥ ዕቅድ ውስጥ የመረጃ አብዮት የሚል አጀንዳ አስገብቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የቤተሰብ ማኅደሩን ወደ ታብሌት የሚያዛውር የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ተዘርግቷል። በጥሩ ጎኑ እንየው። ባለሙያዋ የእናቲቱን የክትትል ቀን ስታስገባ ታብሌቱ ቀጣዩን ቀጠሮ ራሱ አስልቶ ያወጣል፤ ቀጠሮ ያለፈባቸውን ለይቶ ይዘረዝራል። አደገኛ ምልክት ስትመዘግብ ወደ ጤና ጣቢያ ሪፈር እንድትጽፍ ያመላክታታል። ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ ቢሆንም ይሠራል፤ መረጃውን ይዞ ቆይቶ ኔትወርክ ያለበት ቦታ ስትደርስ ይልካል። ይህ የመጨረሻው ነገር በተለይ ለአገራችን ወሳኝ ነው። ሁልጊዜ ኢንተርኔት የሚጠይቅ ሥርዓት ለገጠር ጤና ኬላ አይሆንም።

ከጎረቤት አገር አንድ ምሳሌ ላምጣላችሁ። በምዕራብ ኬንያ፣ ኤልዶሬት ከተማ አቅራቢያ ሞሶሪዮት የሚባል የገጠር ጤና ጣቢያ አለ። በ2001 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሞይ ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካው ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ተባብረው እዚያ የኤሌክትሮኒክ ታካሚ መዝገብ አስጀመሩ። መሣሪያው በኔትወርክ የተያያዙ ሁለት ኮምፒውተሮች ነበሩ፤ መብራት ሲጠፋ የሚያግዝ የፀሐይ ኃይል ባትሪ ተደርጎላቸዋል። ከመጀመሩ በፊትና ከተጀመረ በኋላ የሥራውን ሰዓት ለኩ። ታካሚዎች በጤና ጣቢያው የሚቆዩበት ጊዜ በ22 በመቶ አጠረ።

ጥናቱ ሌላም ነገር አሳየ። ሠራተኞቹ ከታካሚ ጋር የሚያሳልፉት ጊዜም በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ይህን ቁጥር ሁለት ጊዜ ማየት ይገባል። የቀነሰው ስምና አድራሻ ደጋግሞ የመጻፍ ጊዜ ከሆነ እሰየው ነው። የቀነሰው ታካሚውን የማዳመጥ ጊዜ ከሆነ ግን ትርፉ ኪሳራ ነው። የአሜሪካን ልምድ እንይ፤ አገሪቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ሕግ አውጥታ፣ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ለሚጀምሩ ሆስፒታሎችና ሐኪሞች በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ማበረታቻ ከፈለች፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም አብዛኞቹ ወደ ኮምፒውተር ገቡ። በዚያው አቆጣጠር በ2016 የወጣ ጥናት ደግሞ ሐኪሞቹ ከታካሚ ጋር ፊት ለፊት ለሚያሳልፉት ለእያንዳንዱ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ያህል በኮምፒውተርና በጽሕፈት ሥራ ላይ እንደሚያጠፉ አመለከተ። በውጭ አገር የምትኖሩ አድማጮቻችን ሐኪማችሁ ዓይኑን ከስክሪን ሳይነቅል ሲያነጋግራችሁ አይታችሁ ይሆናል። ይህን ልማድ እኛ አገር ሳይተከል ከወዲሁ ማሰብ ይሻላል።

የኬንያው ሥራ በዚያ አላበቃም። ከዚያ ልምድ በመነሳት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ኦፕን ኤምአርኤስ የተባለ፣ ማንም በነፃ ወስዶ እንደ አገሩ ሁኔታ ሊያስተካክለው የሚችል ሶፍትዌር መሠራት ጀመረ። ዛሬ በብዙ የአፍሪካ አገሮች በሥራ ላይ ነው፤ በአገራችንም በዚሁ መሠረት ላይ የተገነቡ ሥርዓቶች አሉ። ወርኃዊ ሪፖርት የሚላክበት ዲኤችአይኤስ ቱ የሚባለው ሥርዓትም መነሻው አፍሪካ ነው። ከአፓርታይድ መውደቅ በኋላ በደቡብ አፍሪካ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተጀመረ ሲሆን፣ አሁን የእኛም አገር የጤና ሪፖርት የሚተላለፍበት መንገድ ሆኗል።

እንደ አገር ሁኔታ ማስተካከል ስንል የምናወራው ስለ ጥቃቅን ነገር አይደለም። በካርድ ክፍል የሚሠሩ ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ለምሳሌ ፀሐይ የምትባል ታካሚ እንውሰድ። አንዱ መዝጋቢ ስሟን በፀሐዩ ፀ ይጽፈዋል፣ ሌላው በጸሎቱ ጸ፤ አንዱ በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በሃሌታው ሀ። ለእኛ ሁሉም ያው ፀሐይ ናት። ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዱ የተለየ ሰው ነው። በላቲን ፊደል ሲሆን ደግሞ አጻጻፉ የባሰ ይበዛል። መዝጋቢው ስሟን ፈልጎ ሲያጣ አዲስ መዝገብ ይከፍታል፤ አንዲት ሴት ሦስት መዝገብ ይኖራታል፣ አለርጂዋ በአንደኛው ብቻ ተጽፎ። በወረቀት ጊዜ የነበረው ችግር ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ተደበቀ ማለት ነው። ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር የቤተሰብ ስም አምጡ ሲል፣ አንዱ መዝጋቢ የአባት ስም ያስገባል፣ ሌላው የአያት። ስለዚህ ሆሄያቱን አንድ አድርጎ የሚፈልግ፣ የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም ለየብቻ የሚቀበል ሥርዓት ያስፈልገናል። ብሔራዊው የፋይዳ መታወቂያ ወደ ጤና ተቋማት በሚገባ ሲዘልቅ ከዚህ ችግር ብዙውን ሊያቃልል ይችላል፤ ሰውየው ከስሙ አጻጻፍ ይልቅ በማይለወጥ ቁጥር ስለሚታወቅ። እስከዚያው ድረስ ግን መታወቂያ ለሌለው ሕመምተኛ፣ ራሱን ስቶ ለመጣ ሰው፣ ገና ስም ላልወጣለት ሕፃን የሚሆን መንገድ ሥርዓቱ ውስጥ መኖር አለበት።

ቀኑም እንዲሁ ነው። የእኛ ዓመት 13 ወር አለው። ጳጉሜን የማያውቅ ሶፍትዌር ነርሷን በአእምሮዋ እያሰላች ወደ አውሮፓውያን ቀን እንድትቀይር ያስገድዳታል። እናቲቱ የመጨረሻ የወር አበባዋን ቀን የምትናገረው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ «የልደታ ለት» ልትልም ትችላለች። በረጅም ሰልፍ መሀል የሚሠራ ስሌት ይሳሳታል፣ የእርግዝናው ሳምንትም ይዛባል። ሰዓት ላይ ደግሞ ስሕተቱ በዚያው ቀን ጉዳት ያመጣል። ነርሷ «መርፌው 8 ሰዓት ላይ» ስትል ከምሳ በኋላ ማለቷ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን 8 ሰዓት ሲል የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። አንድ ተቋም ወደ ኮምፒውተር ሲገባ የሰዓት አጻጻፉን ወስኖ፣ ሁሉም ሠራተኛ ተስማምቶበት መጀመር አለበት። የተቀየረ ተረኛ ሁሉ በየራሱ ልማድ ከጻፈ መድኃኒቱ ይደገማል ወይም ይዘለላል።

አሁን ሠራተኞቹን በጣም ወደሚያማርረው ነገር እንምጣ። ብዙ ቦታ ኮምፒውተሩ ገብቷል፣ ወረቀቱም አልቀረም። ነርሷ በመዝገቡ ላይ ትጽፋለች፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ትደግመዋለች። የሪፖርት ወሩ በ20 ሲዘጋ ደግሞ ቁጥሩን ቆጥራ በሌላ ቅጽ ላይ ታሰፍራለች። ድርብ ሥራ ነው። ታካሚው እየበዛ ሲሄድ ከሁለቱ አንዱ ይቀራል፤ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ኮምፒውተሩ ነው፤ ወይም ከሥራ ሰዓት በኋላ ከወረቀት ላይ እየተገለበጠ ይሞላል። ያኔ ኮምፒውተሩ ሐኪሙ ውሳኔ በሚሰጥበት ሰዓት ባዶ ነው፤ ማታ ግን ይሞላል። ሪፖርቱ ያምራል፣ ታካሚው አልተጠቀመም። ለዚህ የሚወቀሱት ሠራተኞቹ አይደሉም። ኃላፊዎች ወረቀቱ የሚቀርበትን ቀን ሳይቆርጡ፣ ለሽግግሩ ተጨማሪ ሰው ሳይመድቡ ሲጀምሩ የሚመጣ ውጤት ነው። ሽግግሩን ክፍል በክፍል ማድረግ ይቻላል። ለምሳሌ ከካርድ ክፍልና ከላቦራቶሪ ተጀምሮ፣ እዚያ ሲጸና ወደ ፋርማሲ፣ ቀጥሎ ወደ ተመላላሽ ክፍሎች ሊገባ ይችላል። በገባበት ክፍል ግን ወረቀቱ በቁርጥ መቅረት አለበት።

«ሲስተም የለም» የሚለውን ቃል ከባንክ እስከ ክፍለ ከተማ ሁላችንም ሰምተነዋል። ሆስፒታል ውስጥ ሲባል ትርጉሙ ከበድ ይላል፤ ምጥ የያዛት እናት ሲስተሙ እስኪመጣ አትጠብቅም። ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለ የኮምፒውተር ጥቃት የእንግሊዝን የመንግሥት የጤና አገልግሎት መትቶ፣ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰርዘዋል፣ ድንገተኛ ሕሙማንን ወደ ሌላ ቦታ ያዛወሩም ነበሩ፣ ሠራተኞች ወደ ብዕርና ወረቀት ተመልሰዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል ሲስተም ሲጠፋ የሚጻፍበት አጭር ቅጽ በመሳቢያው ውስጥ ሊኖረው ይገባል፤ ሲመለስ ማን እንደሚያስገባውም የታወቀ መሆን አለበት። የመረጃው ቅጂ ሰርቨሩ ካለበት ክፍል ውጭ በሌላ ቦታ መቀመጥ አለበት። ጄኔሬተሩ ለቀዶ ሕክምና ክፍል ሲታሰብ ሰርቨሩም አብሮ ይታሰብ። ኮምፒውተር ሲገዛ የባትሪው፣ የጥገናውና የባለሙያው ደመወዝ በጀት ካልተያዘ፣ ዕቃው በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ አቧራ ለብሶ ጥግ ይይዛል።

ሌላው ምስጢር ነው። በትንሽ ከተማ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ጎረቤታችን ሊሆን ይችላል፣ ዘመዳችንም ሊሆን ይችላል። የኤች አይ ቪ ውጤት፣ የአእምሮ ሕክምና፣ የእርግዝና ነገር ከአንድ ማኅደር ሾልኮ ከወጣ የሚያደርሰውን ጉዳት አታጡትም። ኮምፒውተር እዚህ ላይ ወረቀት የማይችለውን ይችላል። ማን፣ በስንት ሰዓት፣ የማንን መዝገብ እንደከፈተ ይመዘግባል፤ ካርድ አውጪው ስሙን ብቻ እንዲያይ፣ የሐኪሙን ማስታወሻ እንዳያይ ማድረግ ይቻላል። ሆኖም ሦስት ነርሶች በአንድ የይለፍ ቃል ከሠሩ፣ ቃሉም በወረቀት ተጽፎ ስክሪኑ ጥግ ላይ ከተለጠፈ፣ ያ ሁሉ ጥበቃ ከንቱ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ከወረቀት ማኅደር አንድ ሰው የሚሰርቀው አንድ ወይም ሁለት ነው፤ ከኮምፒውተር ግን የከተማውን ሕዝብ በሙሉ በኪስ ይዞ መውጣት ይቻላል። አገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አውጥታለች፤ የጤና መረጃም ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ነው። አዋጁ በየሆስፒታሉ የዕለት ተዕለት አሠራር ሆኖ መታየት አለበት። እናንተም «ይህን መዝገብ ማን ያየዋል?» ብላችሁ የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ ጠይቁ።

አድማጮቻችን፣ ሥርዓቱ እስኪሟላ ድረስ እኛ ታካሚዎች ልናደርገው የምንችለው ነገር አለ። የካርድ ቁጥራችሁን ስልካችሁ ላይ መዝግቡት፤ የልጆቻችሁንም፣ የአዛውንት ወላጆቻችሁንም። በሄዳችሁበት ተቋም ሁሉ ስማችሁን በመታወቂያችሁ ላይ እንደተጻፈው አንድ ዓይነት አድርጋችሁ ተናገሩ፤ ቀድሞ ካርድ ካላችሁ «አዲስ ነኝ» አትበሉ። ወረፋ ለማሳጠር በዘመድ ካርድ አትታከሙ፤ የእናንተ ደም ዓይነት በእሱ መዝገብ ላይ ከገባ ሊጎዳው ይችላል። መድኃኒት የማይስማማችሁ ከሆነ ኮምፒውተሩ ያውቀዋል ብላችሁ ዝም አትበሉ፤ ለሐኪሙም፣ ለነርሷም፣ ለፋርማሲስቱም በአፋችሁ ንገሩ። ከሆስፒታል ስትወጡ የሚሰጣችሁን የሕክምና ማጠቃለያ ወረቀት በጥንቃቄ አስቀምጡ፣ ፎቶም አንሱት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ታብሌቷን ይዛ ቤታችሁ ስትመጣ የምትጠይቃችሁን በትዕግሥት መልሱላት፤ የልጃችሁን ቀጣይ ክትባት የሚያስታውሰው ያ መልስ ነው።

የሆስፒታልና የወረዳ ጤና ኃላፊዎች የምታዳምጡን ካላችሁ ደግሞ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ሶፍትዌር ከመምረጣችሁ ወይም ኮምፒውተር ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሙሉ ቀን በካርድ ክፍሉ መስኮት ጀርባ፣ አንድ ቀን ደግሞ በአንድ ጤና ኬላ አሳልፉ። ካርድ አውጪውንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ወደ ውሳኔው ጠረጴዛ ጥሯቸው፤ የሚሠራውንና የማይሠራውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።